ሹሩባ የሚያውቅ እጅ

በዚያ ዘመን ሰው ሠራሽ እጅ የሚንቀሳቀሰው አምራቹ ኩባንያ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነበር። ደሴ ውስጥ ሹሩባ የምትሠራው አስካለ ሰው ሠራሽ ቀኝ እጅ ካስገጠመች አሥራ አራት ዓመት ሆኗት ነበር። በዚያ ዓመት ኩባንያው አሮጌውን እጅ ከርቀት ዘጋውና አዲስ ሰጣት። አዲሱ ይጽፋል፣ መኪና ይነዳል፣ ሽንኩርት ይከትፋል፤ ሹሩባ ግን ከተፈቀዱለት ሥራዎች ውስጥ የለም።

የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነችው ታናሽ እህቷ ሰብለ የአሮጌውን እጅ ሲስተም አዲሱ ላይ ለመጫን ሦስት ሳምንት ታገለች። መጀመሪያ ላይ አስካለ ጠቋሚ ጣቷን ስታዝ ትንሿ ጣት ትነሳ ነበር። በመጨረሻ ጣቶቹ ሁሉ ታዘዙ፤ ሙቀት የሚለየው ክፍል ብቻ ከአሮጌው ሲስተም ጋር አልግባባ አለ። አስካለ ይህን ያወቀችው የልጇን ግንባር በቀኝ እጇ ዳብሳ፣ "ደህና ነሽ፣ ትምህርት ቤት ሂጂ" ባለቻት ቀን ነው። ልጅቷን በትኩሳት እየነደደች ከክፍል ተሸክመው አመጧት።

ሰኞ ጠዋት አንድ ወጣት የኩባንያው ተቆጣጣሪ መጣ። አስካለ የሙሽራ ፀጉር ይዛ ነበር።

"እትዬ አስካለ፣ የእኛን ሲስተም እንመልስልዎት፤ ሙቀትም ይለያል። አለበለዚያ ይከሰሳሉ።"

"ሹሩባስ?"

"እሱ አልተፈቀደም።"

በትኩሳት የነደደችው ልጇ ትዝ አለቻት። ጣቶቿ ግን ፀጉሩን አልለቀቁም።

"ትኩሳቱን በግራዬ እለያለሁ። ይህን ሙያ ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ የማንን ፈቃድ ነው የምጠይቀው?"

ተቆጣጣሪው ቅጹን አወጣ። "ምን ብዬ ልጻፍ?"

"እምቢ አለች ብለህ ጻፍ" አለችው፤ "አሁን ብርሃኑን ከልለህብኛል፣ ዞር በልልኝ።"