ቦሎቄ በስኳር

ጁወይሪያ ባዶ ሰሃን መልሳ አታውቅም። አሰላ ተወልዳ፣ አሰላ ጨርቅ ነግዳ፣ ባሏንም እዚያው የቀበረች ሴት ናት፤ ጎረቤት ምግብ የላከበትን ሰሃን ባዶውን መመለስ ለእሷ ነውር ነው።

ስለዚህ አዲሱ ተከራይዋ ሚስተር ኬንጂ የመጀመሪያውን ሰሃን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ሲሰጣት ቀድማ ያሰበችው ምን መልሳ እንደምትልክ ነበር። ሰውዬው ጃፓናዊ ሽማግሌ ነው፤ ጢቾ በኩል ካሉ ገብስ አምራቾች ጋር ሊሠራ መጥቶ የጓሮዋን ቤት ተከራየ። የሰፈሩ ልጆች «ቻይና» እያሉ ይጠሩታል፤ እሱም ሳይቀየም እጁን እያውለበለበላቸው ያልፋል። በገባ ሰሞን ወተት ብታቀርብለት ሆዱን ይዞ ራሱን ነቀነቀ። «ከላም ጋር የተጣላ ሰው» ብላ ከልጇ ከኢፍቱ ጋር ሳቀችበት።

ሰሃኑ ላይ የሕፃን ጉንጭ የመሰሉ ነጫጭ ድብልብሎች ተደርድረዋል።

«ሞቺ» አላት። «ሩዝ። ውስጥ ቦሎቄ። በስኳር።»

ጁወይሪያ «ቢስሚላህ» ብላ ነከሰች።

«ምንድን ነው፣ ቢስ...?»

«ምግብ ሲጀመር የሚባል ነው» አለችው እንደምንም። ሞቺው ከጥርሷ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ብሏል። ቦሎቄን በሽንኩርትና በበርበሬ ሲሠራ እያየች ያደገች ሴት፣ አፏ ውስጥ እንደ ከረሜላ ሲጣፍጥባት ምን ታድርግ? እየሳቀች ዋጠችው።

የቀረውን መጣል ኃጢአት ነው፤ መብላትም አልሆነላትም። ግቢው መሃል፣ ከሁለቱ ቤቶች እኩል ርቀት ላይ፣ ለአረፋ ልታርደው የገዛችው በግ ታስሯል። ሰውዬው ከግቢ ሲወጣ ጠብቃ ሞቺውን አንድ በአንድ አበላችው። በጉ አላመነታም።

በማግስቱ ሰሃኑን በጭኮ ሞልታ መለሰች። የጁወይሪያ ጭኮ የተቆላ የገብስ ዱቄት በሁሩታ ቅቤ ጥግብ ብሎ የሚታሽበት ነው፤ ሰርግ ያለበት ሁሉ እሷን ነው የሚጠራው። ሚስተር ኬንጂ በጣቱ ጫፍ ቀመሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ። «በጣም ጥሩ! በጣም!» አለና ሰሃኑን ይዞ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ሰሃኑ ተመልሶ መጣ። በእነሱም አገር ባዶ ሰሃን አይመለስም መሰለ።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ፤ እሷ በጭኮ ትመልሳለች፣ እሱ በጣፋጭ። አንዴ ዶራያኪ የሚባል፣ ሁለት ትናንሽ ፓንኬክ ተጋጥሞ መሃሉ ያው ቦሎቄ። አንዴ አረንጓዴ ነገር፤ ሽፈራው መስሏት ተስፋ አድርጋ ቆረሰችው፣ ውስጡ ቦሎቄ ነበር። «ይሄ ደግሞ አዲስ ነው፣ የወጣቶች» ብሎ ያመጣው የረጋና የሚንቀጠቀጥ ቡና ነበር፤ በማንኪያ የሚበላ። ያን ቀን በጉ ሲዘል ዋለ።

በሳቅ የተጀመረው ነገር በበልግ ዝናብ መራራ ሆነ። ኢፍቱን ትርፍ አንጀት ጣላት። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ባጃጅ የለም። ሚስተር ኬንጂ የመሥሪያ ቤቱን መኪና አስነስቶ፣ ልጅቷን ታቅፎ አስገብቶ ሆስፒታል አደረሳት። ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ...» ብሎ ተወው።

ከዚያ ወዲህ ጁወይሪያ የሰውዬውን ፊት ማየት አቃታት። ልጇን ያተረፈው እጅ ሩዝ ፈጭቶ፣ ቦሎቄ አሽቶ የላከላትን ለበግ ትሰጣለች! ልትበላው ትሞክራለች፣ መልሳ ትተፋዋለች፤ ደግማ ወደ በጉ ትሄዳለች፣ ደግማ ታፍራለች።

«አዮ፣ ንገሪውና ይቅር» አለቻት ኢፍቱ።

«ምን ብዬ? ምግብህን ለከብት ሰጠሁት ብዬ? ያ ረቢ፣ መሬት ተሰንጥቃ ትዋጠኝ!»

በጉ ደግሞ አጋለጣት። ጸጉሩ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፤ ላቱ መሬት ሊነካ ደርሷል። ጎረቤቷ ዙቤዳ በአጥር አሻግራ፣ «ጌታዋን ያመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች አሉ! ምን እያበላሽው ነው?» ብትላት «ፉርሽካ» ብላ ዋሸች። ፊቷ ጋለ።

ይባስ ብሎ በጉ ገመዱን ወጥሮ የሚጮኸው ወደ ሚስተር ኬንጂ በር ነው። የጣፋጩን ሽታ ከሰውዬው እጅ ለይቶታል ብላ አሰበች፤ ሊናገርባት ነው። ሚስተር ኬንጂም በጉ በጮኸ ቁጥር ፊቱ ይቀላል፣ ዓይኗን ሳያይ ጎንበስ ብሎ ይገባል። አውቋል። አውቆ ነው ዝም ያላት፤ ጨዋነቱ ደግሞ ከስድብ በላይ አመማት።

የአረፋ ዋዜማ ደረሰ። ሰውዬው ከበዓሉ በኋላ ወደ አገሩ ይመለሳል። ጁወይሪያ ቢላዋ ስታስል ቆየችና አስቀመጠችው፤ በሰው ሀቅ የሰባ በግ ለአላህ ይታረዳል? ሰውዬው አውፍ ብሎ ይቅር ካላላት በጉን አትነካውም። ብትዋረድም ትዋረድ።

ጠዋት የላከላትን ሞቺ ሳትነካው፣ ማስረጃ እንዲሆንባት በሰሃኑ ይዛ ወጣች። «ሚስተር ኬንጂ፣ እኔ ከሃዲ ነኝ፣ አውፍ ይበሉኝ» የሚለውን በልቧ እየደገመች በቤቷ ማዕዘን ዞረች።

ሚስተር ኬንጂ ግራ ቀኙን አየ፤ በጉ ፊት ተንበረከከ፤ «ቢስሚላህ» አለና የትናንቱን ጭኮዋን በማንኪያ ያጎርሰው ጀመር።