ከቤት የወጣ ወሬ

ሽማግሌዎቹ ሐጂ ያዱላህ ቤት የመጡት ሐሙስ ከሰዓት ነው። የጁምዓው ኢማም፣ ሁለት የገበያ ትልልቅ ሰዎችና ታላቅ ወንድሙ ነስሩላህ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሚስቱ ማህላቃ ሻይ አቀረበች። የመጡት ለአራተኛ የምርጫ ዘመን ለምክር ቤት እንዲወዳደር ሊጠይቁት ነው።

ሐጂ ያዱላህ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ከእኔ የሚሻል ሰው ፈልጉ አላቸው። ፈገግ አሉ። ደክሞኛል አለ። ኢማሙ ትሕትናውን አደነቁ። ስለ አላህ ተዉኝ ሲል ነስሩላህ ስኳሩን በጥርሱ እንደያዘ ሳቀ።

«በቃ፣ እንደ ወጋችን ሦስቴ እምቢ ብለሃል፣ ወጉ ደርሷል። አሁን እሺ በል።»

ሐጂ አንገቱን ደፋ። «በዓይኔ፣ እሺ» አለ።

ሐጂ ያዱላህ ከያዝድ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው በዚህች ትንሽ ከተማ መጀመሪያ የቁርኣን አስተማሪ ነበር። ከዚያ ዕጩዎችን በሚመረምረው ቦርድ ስምንት ዓመት ጸሐፊ ሆነ። ስም የሌላቸው የክስ ደብዳቤዎች የሚደርሱት ለእሱ ነበር። ቀን ያልተጻፈበትን አንብቦ ይጥለዋል፣ ቀን ያለውን ያስመረምራል። በኋላ ራሱ ተመረጠ። አሥራ ሁለት ዓመት ምክር ቤት ሲቀመጥ የዘፈን ዝግጅት አስከልክሏል፣ ሴቶች ብስክሌት እንዳይነዱ ተከራክሯል። ሰው ያከብረዋል፣ ይፈራዋልም። እንደ ትልልቆቹ ባለሥልጣናት የሚፈርመው በአረንጓዴ ቀለም ነው። ብዕሩ ከኪሱ አይለይም። ልጁም እንኳ አትነካውም።

ልጁ ሬይሀኔ አምስት ዓመቷ ነው። አስም አለባት። አምና በክረምት ትንፋሿ ሲያጥራት ማህላቃ አቅፋት ብቻዋን በታክሲ ሆስፒታል ሮጠች። ሐጂ ቴህራን ስብሰባ ላይ ነበርና በሦስተኛው ቀን መጣ። ልጅቷ አየችውና እንግዶች እንደሚጠሩት «ሐጂ» ብላ ጠራችው። ሁሉም ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ማታውን የትንፋሽ መድኃኒቷ ፓፍ እንዴት እንደሚነፋ ሚስቱን ጠየቃትና በራሱ አፍ ሞከረው።

ከሽማግሌዎቹ በኋላ ሁለት የቦርዱ መርማሪዎች ሰፈሩን ዞሩ። የሰፈሩን ዳቦ ጋጋሪ ኡስታድ ረመዛንን ጠየቁ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቁ። ሁሉም አመሰገኑት ተባለ። ሐጂ ግን በቦርዱ ወደቀ።

ስም የሌለው ደብዳቤ ደርሶ ኖሯል። ነስሩላህ ቦርዱ ውስጥ ባለ ወዳጁ በኩል አነበበው። ስለ ሰው ሰላት የሚከራከረው ሰውዬ ራሱ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ቀን የንጋቱን ሰላት፣ ሱብሂን፣ ሳይሰግድ ተኝቶ አርፍዷል ይላል። ቀኖቹም ተጽፈዋል።

ማህላቃ በመጀመሪያ የጠረጠረችው ጋጋሪውን ነው። ሐጂ ቦርድ ሳለ የጋጋሪውን ወንድም ከዕጩነት አስጥሎት ነበር። ዳቦ ከሌላ ሰፈር መግዛት ጀመረች። ኡስታድ ረመዛን መንገድ ላይ ሲያገኛት፣ እሜቴ ዳቦዬ መረራችሁ ወይ አላት። መንገዷን ቀጠለች።

እሁድ ነስሩላህ መጣ። ሐጂ ግቢው ውስጥ ለልጁ ሮማን ይፈለፍል ነበር። ነስሩላህ ማህላቃን ወጥ ቤት ገብቶ አናገራት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«ጋጋሪ ማን እንደሰገደ ማን እንደተኛ በምን ያውቃል? ይሄን የሚያውቅ እዚህ ጣሪያ ሥር የሚያድር ነው። እዚህ ሦስት ሰው ነው የሚያድረው። አንዷ አምስት ዓመቷ ነው።»

«እኔን ነው የሚሉት፣ ጋሼ?»

«አምና ከሆስፒታል ስትመለሺ ይሄን ሹመት አላህ ይንቀለው አላልሽም?»

ብላለች።

ለአቤቱታ የቀረው ሁለት ቀን ነው አላት። በንዴት የጻፍኩት ውሸት ነው ብላ ብትፈርም ቦርዱ ሐጂን ይመልሰዋል። ካልፈረመች ለሐጂ ይነግረዋል፣ ሐጂም ወደ አባቷ ቤት ይሰዳታል። ልጅቷ እዚህ ትቀራለች። ነገ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ ብሎ ወጣ።

ሲወጣ ለወንድሙ፣ ደብዳቤውን የጻፈውን ደርሼበታለሁ አለው። ሐጂ ከሮማኑ ቀና አላለም።

«ተወው። ማንም ይሁን ይቅር ብዬዋለሁ።»

ማህላቃ በመስኮት ሰማች። እሱም እኔን ጠርጥሯል ማለት ነው አለች በሆዷ። ልጇን አየቻት። ሬይሀኔ ሮማኑን በሁለት እጇ እየጠቀጠቀች ነው። እዚያው እንደቆመች፣ ብትፈርም ምን እንደሚያስከትል፣ ባትፈርም ምን እንደሚያስከትል አሰበች። ሁለቱም ያው ነው። የፈረመችም ሚስት ከዚህ ቤት ትወጣለች።

ከነስሩላህ የሰማቻቸውን የደብዳቤውን ቀኖች በጣቷ ቆጠረች። ያን ሰሞን ሐጂ ቴህራን የነበረ መሰላት። የአውሮፕላን ትኬቱን ብታገኝ ደብዳቤው ውሸት መሆኑ ይታወቃል፣ እሷም ትድናለች። ሐጂ ልጁን ይዞ ወደ ሱቅ ሲወጣ የክረምት ኮቱን ከቁም ሳጥን አወረደች። ኪሱ ባዶ ነው። ገበሩን ስትዳስስ ወረቀት ተንኮሻኮሸ።

ትኬት አይደለም። ሁለት ወረቀት ነው፣ የደብዳቤው ረቂቅ። ጽሑፉ በግራ እጅ የተጻፈ ይመስል ወዲያና ወዲህ ያዘነበለ ነው። የመጀመሪያው ሐጂ ሱብሂ አይሰግድም ይላል፣ ቀን የለውም። ሁለተኛው ላይ ሦስቱ ቀኖች ከመስመሩ በላይ ተጨምረዋል።

የተጨመሩት በአረንጓዴ ቀለም ነው።