ጭቃ ያልነካው ጫማ

ኤፍራታ ስልክ ላይ ተተክላ መዋል የለመደችው በአባቷ ጥፋት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከሥራ ደክሞት ሲገባ፣ ዝም እንድትልለት ብሎ የገዛ ስልኩን የሚሰጣት እሱ ራሱ ነው። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ኅሊናው ይቆጠቁጠው ጀመር። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር «ውረጂና ከልጆቹ ጋር ተጫወቺ። እኛ እኮ ክረምቱን ጭቃ ስናቦካ ነው ያደግነው» እያለ ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ያስወርዳታል።

ልጅቷም ሳታንገራግር ትወርዳለች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስትመለስ ግን ጫማዋን ጭቃ አልነካውም፤ ፊቷም ላይ ላብ አይታይም። አንድ ቀን «የሰው ቤት ገብተሽ ቴሌቪዥን ስታዪ ነው የምትውዪው» ብሎ ተቆጣት። በማግስቱ ተከትሏት ወረደ።

ኤፍራታ ከአምስት ልጆች ጋር ደረጃው ላይ ተደርድራ ተቀምጣለች። አንደኛው ኳስ ታቅፏል።

«ለምንድን ነው የማትጫወቱት?» አላቸው ድምፁን አለስልሶ።

ኤፍራታ ተነሥታ መግቢያው ግድግዳ ላይ አምና ወደተለጠፈው ወረቀት ወሰደችው። ማንበብ የቻለችው ገና ዘንድሮ ነው። ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች፣ እየተደነቃቀፈች አነበበችለት።

«በግቢው ውስጥ... ኳስ መጫወት፣ መሯሯጥና መጮህ... በጥብቅ የተከለከለ ነው። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ...»

ከማኅተሙ ሥር ያለው ስም ላይ ስትደርስ አልተደነቃቀፈችም። ደብተሮቿ ሁሉ ላይ ከራሷ ስም ቀጥላ የምትጽፈው ስም ነው።