እሬት አትሞትም

ከተማው በሙሉ እሬት ብሎ ይጠራታል። ስሙን ያተረፈችው እሁድ እሁድ ማታ በቴሌቪዥን ከሚታየው ተከታታይ ድራማ ነው። እዚያ ላይ ምራቷን ቁም ስቅል የምታሳይ አማት ሆና ትጫወታለች።

ታክሲ ውስጥ ሴቶች ፊታቸውን ያዞሩባታል። አንድ ቀን አትክልት ሻጩ፣ "ለእርስዎ ቲማቲም የለኝም፤ መጀመሪያ ያቺን ልጅ ይተዋት" ብሎ ባዶ እጇን መለሳት። እየሳቀች ቤቷ ገባች። ተመልካች አምርሮ ከጠላት፣ ሥራዋን በደንብ ሠርታለች ማለት ነው።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣች ዕለት አባቷ ልብሷን በአንሶላ ጠቅልሎ በር ላይ አስቀመጠላት። ጥቅልሉን አንጠልጥላ በቀጥታ ወደ ልምምድ ሄደች። ከዓመታት በኋላ ባሏ፣ "ወይ እኔን ወይ ቲያትርሽን" ብሎ አፋጠጣት። "ሻንጣህ አልጋው ሥር ነው" አለችው።

አንድ ልጇን ከመጋረጃ ጀርባ አሳደገቻት። የአልባሳት ቅርጫት ውስጥ እያስተኛቻት ትወጣለች፤ ተጨብጭቦላት ትመለሳለች። ልጅቷ ገና ፊደል ሳትቆጥር የእናቷን ቃለ ተውኔት በቃሏ ትወጣው ነበር።

ፊልምም መጣ። ሦስት ፊልም ሠራች፤ በሁለቱ ሞተች፣ በአንዱ አበደች። ሃምሳ አራት ዓመት ሲሞላት ደግሞ፣ እኩዮቿ ጡረታ ሲያስቡ፣ እሬት መጣች።

አሁን ልጇ ልታገባ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያያት የምትደነግጥ። እጮኛዋ መሐንዲስ ነው። ሰርጉ አንድ ወር ሲቀረው የመሐንዲሱ እናት በድራማው ክፉኛ ተቀይማለች የሚል ወሬ መጣ። ልጅቷ ምግብ አስጠላት።

ሐሙስ ጠዋት የድራማው አዘጋጅ እሬትን ቢሮው ጠራት። እጁን እያሻሸ ወንበር ሳበላት።

"እትዬ፣ ደስ የማይል ነገር ነው። ደራሲው ትናንት መልእክት ልኳል። አማትየው በሚቀጥለው ክፍል ትሞታለች።"

"በምን?"

"ደረጃ ላይ ወድቀው።"

"ደረጃ ላይ!" አለች። "እኔ ከአባቴ ቤት የወጣሁት ደረጃ ላይ ተንከባልዬ ልሞት ነው?"

"እኔ ምን ላድርግ? ሰውየውን አላውቀው፣ አያውቀኝ። በብዕር ስም ነው የሚጽፈው፤ ጽሑፉ በኢሜይል ይመጣል፣ እኔ እቀርጻለሁ።"

"እንግዲያው መልስ ጻፍለት። እሬት አትሞትም በለው። ፈርቶ ሰው የሚገድል ደራሲ ብዕሩን ያስቀምጥ በለው።"

አዘጋጁ እንዳለችው ጻፈ። ከደራሲው መልስ አልመጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመሐንዲሱ እናት ልጇን አስከትላ እሬት ቤት መጣች። ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ያስተዳደረች ሴት ናት፤ ስትቀመጥ ወንበሩም ቀጥ የሚል ይመስላል። የቀረበላትን ሻይ አልነካችም።

"ነገር ማስረዘም አልወድም" አለች። "ልጄ የእሬትን ልጅ አገባ ሲባል መስማት አልችልም። ያንን ድራማ ይተዉ። መተውዎንም በሬዲዮ ይናገሩ። ካልሆነ ሰርግ የለም።"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። መሐንዲሱ የስልኩን መስታወት በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል።

"አልተውም" አለች እሬት።

"ለልጅዎ ሲሉም?"

"ለልጄ ስልም አልተውም።"

እንግዳዋ ፊቷ ቀላ። "ሌላም አለ። ባለፈው እሁድ፣ 'በዚህ ቤት ማንኪያ እንኳ ያለ እኔ ፈቃድ ቦታውን አይለቅም' ብለዋል። ይህ የእኔ ቃል ነው! እኔ ነኝ ለልጅዎ የተናገርኩት፣ ቤቴ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ! ማን ነገረዎት?"

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። አፏን ከፈተች።

"አንቺ ዝም በይ!" ብላ እናቷ ጮኸችባት። ወደ እንግዳዋ ዞረች። "ማንም አልነገረኝም። ከራሴ የጨመርኩት ነው። የሚወቀስ ካለ እኔን ይውቀሱ።"

"ልጅቷ ትናገር እንጂ! ሕይወቱ የእሷ ነው።"

"አትናገርም አልኩ!"

"ዓይንዎን በጨው ታጥበዋል!" እንግዳዋ ቦርሳዋን አንስታ ተነሣች። "ለአንዲት ሚና ብለው የገዛ ልጅዎን ትዳር አፈረሱ። ድራማው ላይ የማየው ውሸት መስሎኝ ነበር።"

መሐንዲሱ እናቱን ተከትሎ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ "እንግዲህ እናቴ ናት፣ ምን ላድርግ?" አለ።

ልጅቷ ተነሥታ ሄደች። ቀለበቷን አወለቀችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

በሩ ተዘጋ። ነገ ሰፈሩ የሚለው የታወቀ ነው፤ ለጭብጨባ ብላ ልጇን ሸጠች ይላል። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እናቷ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ ያዘችላት፤ ለቅሶው እስኪበርድ ጠበቀች።

"በይ አሁን እንባሽን ጥረጊ፤ ሴትየዋ ያለችውን አንድም ቃል ሳትረሺ ቁጭ ብለሽ ጻፊው፤ ሁለተኛም እኔን ደረጃ ላይ ልትገድዪኝ እንዳታስቢ!"