በወንዙ በኩል እንሂድ

ዘመኑ ከደብረ ታቦር አውቶብስ ሲወርድ መጀመሪያ ያገኘው ቻላቸውን ነው። ቻላቸው የመካነ ኢየሱስ መነኸሪያ ደላላ ነው፤ ተሳፋሪ ይጠራል፣ ሻንጣ ይጭናል፣ በከተማው የማያውቀው ጓዳ የለም። ሁለቱ አብሮ አደግ ናቸው።

«ደብረ ታቦር! የሞላ ነው፣ ደብረ...» ሲል የነበረው አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ምነው፣ ጠፋሁብህ?» አለው ዘመኑ።

ቻላቸው ቀስ ብሎ ተጠጋ። እጁን ጨበጠው። ለቀቀና መልሶ ጨበጠው።

«እጅህ ይሞቃል።»

«አውቶብሱ ውስጥ ታፍኜ ነዋ የመጣሁት። መስኮት ክፈቱ ብል ማን ይስማኝ!»

ዘመኑ በመተማ አድርጎ ሱዳን ከገባ ቆይቷል። እዚያ ጦርነት ሲነሳ ስልኩን ተቀማ፣ ከጓደኞቹ ተለያየ፣ ብዙ ተንከራቶ ነው የተመለሰው። መንገዱን ሁሉ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልቧ ደካማ የሆነችውን እናቱን በሕይወት ማግኘት።

«እማዬ እንዴት ናት?»

«ደህና ናቸው» አለ ቻላቸው። ዓይኑ ግን መሬት ላይ ነበር። «ቆይ፣ አንዴ ልደውል።»

አጥሩ ጥግ ሄዶ በሹክሹክታ አወራ። ከዘመኑ ጆሮ የደረሰው ቁራጩ ብቻ ነው። «በድንገት አይሆንም፣ አባ። ልብ አይችለውም።»

ሲመለስ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ከተማው እኮ ተቀይሯል። ላስጎብኝህ። በወንዙ በኩል እንሂድ።»

«በወንዙ? በዋናው መንገድ ሁለት እርምጃ ለሆነው ቤት?»

«በወንዙ ይሻላል አልኩህ!»

ያኔ ዘመኑ ገባው። መርዶ ለባለቤቱ መነኸሪያ ላይ አይነገርም። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ፣ ቤቱ እስኪሰናዳ አንድ ሰው እያዋዛ ያዞረዋል። ጎረቤታቸው ሙላው አባቱ ሞተውበት ከባሕር ዳር የመጣ ጊዜ ያዞሩት እነሱው ራሳቸው ነበሩ። ሙላው «አባባ እንዴት ነው?» ሲል በአንድ አፍ «ደህና ናቸው» ብለውታል።

ዘመኑ ተከተለው።

ፎቶ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ቆመ። ሊሄድ ባለ ሰሞን ቀይ ከረባት አስሮ የተነሳው ፎቶ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ነበር። አሁን ቦታው ላይ ሙሽሮች አሉ።

«ፎቶዬስ?»

«ተወሰደ።»

«ያንን ማን ይፈልገዋል?»

«ከረባቱ የኔ እንደነበር አትርሳ። ተውሰህ ያስቀረኸው!» ቻላቸው ሳቀ። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ሞተ።

አስፋልቱ ጭር ብሏል፤ ግማሹ ሱቅ ዝግ ነው። ጥግ ላይ ዳቦ የሚሸጡት እትዬ አበራሽ ዘመኑን ሲያዩ ዳቦው ከእጃቸው ወደቀ። አማተቡ።

«እትዬ፣ ዳቦ ይስጡት» አለ ቻላቸው ቶሎ ብሎ። «በልቶ ይሂድ።»

ዘመኑ ገመጠ። እትዬ አበራሽ ሲያኝክ አዩት፣ ሲውጥ አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው አለቀሱ። ሙላውንም መጀመሪያ አብልተውት ነበር፤ መርዶ በባዶ ሆድ አይሰማም።

ወደ ወንዙ ወረዱ። ጭጋጉ ከውሃው ላይ ተነስቶ ፀሐይ ወጥታለች። ቻላቸው ዝምታውን የፈራ ይመስል ያወራል።

«ይሄ ድልድይ አዲስ ነው። የድሮውን ጎርፍ ወሰደው፣ ሲሻገር ከነበረ ሰው ጋር። ሬሳው እስከዛሬ የለም። ልብሱን ዘርግተው አለቀሱ።»

«በልብስ?»

«ምን ታድርግ፤ እናት የምታለቅስበት ነገር ትፈልጋለች።»

ይህን ሲል ድልድዩን አያይም ነበር። የሚያየው ውሃው ላይ የወደቀውን የዘመኑን ጥላ ነው።

ከድልድዩ ማዶ የእናቱ የነፍስ አባት፣ አባ ቀለመ ወርቅ፣ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ዘመኑ ተሳለመ። አባ መስቀሉን ከግንባሩ ላይ ቶሎ አላነሱትም። ከዚያ ጉንጩን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«አባ፣ እኔ ልጅ አይደለሁም። እውነቱን ይንገሩኝ። ሞታለች አይደል?»

«ደህና ናት፣ ልጄ። አይዞህ።»

«አይዞህ» የሚባለው ለምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ዘመኑ ያውቃል። ወደ ቻላቸው ዞረና ኮሌታውን ያዘው።

«አንተ ውሸታም! ለሙላውም ደህና ናቸው ብለኸዋል!»

«ለሙላውማ ዋሽተናል» አለ ቻላቸው። ሊቀጥል ሲል አባ በእጃቸው ዝም አሰኙት።

ዳገቱን ሲጨርሱ ቤቱ ታየ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። የሙሾ ድምፅ ይሰማል። ዘመኑ ወደ ኋላ ሊመለስ ዞረ፤ ቻላቸው ክንዱን ይዞ አስቀረው።

«እኔ ቀድሜ ልግባ» አሉ አባ። ትንሽ ቆይቶ ሙሾው ቀጥ አለ።

ዘመኑ ወደ ድንኳኑ ሲገባ ሰው ሁሉ ተነሣ። አንዱ አማተበ፤ ሌላው ወደ ኋላ ሸሸ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ እንኳ ፊቷን ሳያይ መቅረቱን እያሰበ፣ ቀስ ብሎ ገለጠው።

ድንኳኑ መሃል፣ ጥቁር የለበሰችው እናቱ ቀይ ከረባት ያሰረውን የእሱን ፎቶ ታቅፋ ተቀምጣለች።