ነፍስ ሲያልቅ የሚጮኸው ደወል

«አንብቢ አላልኩሽም? ጆሮሽ አይሰማም?» አለና በመዳፉ ማጅራቷን አጮላት።

ግንባሯ ከኮምፒዩተሩ ስክሪን ጋር ተላተመ። ልብስ ሰፊዋ ማውሱን አልለቀቀችም። የጌሙን ሴቲንግ ከፍታ ደቃቃዎቹን ፊደሎች ለባሏ እያነበበችለት ነው። እሱ ማንበብ አይችልም፤ መነጽሩን ትናንት እሷ ላይ ሲወረውር ግድግዳው ሰብሮበታል። የጆሮ ማዳመጫውንም ባለፈው ወር ተሸንፎ ሲናደድ ሽቦውን በጥርሱ በጥሶታል። ስለዚህ ጌሙ የሚጮኸው በስፒከር ነው፤ ቤቱ ሙሉ ይሰማዋል።

«ጠላት ሲታይ፣ ከበሮ» ብላ አነበበች።

«አጥፊው።»

«ጥይት ሲያልቅ፣ ፊሽካ።»

«አጥፊው! ሁሉንም አጥፊልኝ። ይሄ ጫጫታ እኮ ነው የሚያስበላኝ! ከኋላዬ የሚመጣውን ሰውዬ ኮቴ እንዳልሰማ አደነቆረኝ።»

ሲሸነፍ ጥፋተኛው አንድ ቀን ከበሮው ነው፣ አንድ ቀን ኢንተርኔቱ ነው፣ አብዛኛውን ቀን ግን እሷ ናት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት እንዲህ ነው።

ቀጣዩ መስመር ላይ ዓይኗ ቆመ። «ነፍስ ሲያልቅ፣ ደወል» ይላል። ይህን ደወል ሦስት ዓመት ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ሆና ስታዳምጠው ኖራለች። ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ቆስሎ ሊሞት ሲል ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ደሙ በፈሰሰ ቁጥር እየፈጠነ ይመጣል። ሰውዬው ሲሞት ባሏ ከወንበሩ ይነሳል። በዚያ መሃል ያለችው ጊዜ ስፌቷን ጥላ፣ የስድስት ዓመት ልጇን አንጠልጥላ፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ለመቀርቀር ትበቃታለች። የስፌት መኪናው ጮኾባት ደወሉን ያልሰማችበት ቀን አንድ ብቻ ነው። የዚያን ቀን ሁለት የፊት ጥርሶቿን ከወለሉ ላይ ለቅማለች።

ይህን ካጠፋችው አለቀላት።

«ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ፣ ሌላ የለም» አለች። መስመሩን ሳታነብለትም ሳትነካውም ዘለለችው።

«ጥፊ ከፊቴ!»

ጨዋታው ተጀመረ። ከበሮ የለ፣ ፊሽካ የለ፤ የሚሰማው ጥይት፣ ጩቤና እያቃሰተ የሚወድቅ ሰው ብቻ ነው። «በለው! አንገቱን በለው!» ይላል ባሏ። አራቱ የቡድን ጓደኞቹም ከስፒከሩ ውስጥ ሆነው በለው በለው ይላሉ። እሷ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ያልጀመረችውን እጅጌ ይዛ ጆሮዋን ጣለች። ልጅቷ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትደረድራለች።

አሥር ደቂቃ ያህል ሲቆይ ደወሉ ጀመረ።

ባሏ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም፤ የአንገቱ ደም ሥር ግን ተገታተረ። «አላጠፋሽውም?» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ እሱ የሚያስፈራው ደግሞ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው። «ዋሸሽኝ። እኔን! ቆይ፣ ይቺን ልጨርስና መጣሁልሽ። ዛሬ ከዚህ ቤት ሬሳሽ ነው የሚወጣው።»

እግሯ እንደ ልማዱ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሊሮጥ ተነሳ። ግን ዛሬ በሩን ሰብሮ እንደሚገባ አወቀች፤ ዋሽታዋለችና።  ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ወደ እሱ ስትዞር እጆቹን አየች።

ግራው ኪቦርዱ ላይ ነው፣ ቀኙ ማውሱ ላይ። ጨዋታው ቆይ ተብሎ የሚቆም ዓይነት አይደለም፤ እጁን ካነሳ ይሞታል፣ ከሞተ አራት ወር የለፋበት ደረጃ ይወርዳል። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ ደወል በጮኸ ቁጥር ስትደበቅ ኖራለች። ለካ ደወሉ ሲጮኽ ነው ሁለቱም እጆቹ የሚታሰሩት! በራሷ ጅልነት ደሟ ፈላ።

ልጇን ብድግ አድርጋ አቀፈቻት። መውጫው በር ከባሏ ወንበር ጀርባ ነው፤ በወንበሩና በግድግዳው መሃል ሰው የሚያልፈው በጎኑ ነው። ትንፋሿን ውጣ በጎኗ ገባች።

ቀኝ እጁ ከማውሱ ተወርውሮ ፀጉሯን ያዘ። ጠቅልሎ ሳባት። አንገቷ ተቆለመመ፣ ትከሻዋ ከግድግዳው ተጋጨ፣ ልጅቷ ጮኸች። ደወሉ ፈጠነ።

«ምን ነካህ አንተ! ተኩስ እንጂ! ልታስጨርሰን ነው እንዴ?» አሉ ከስፒከሩ ውስጥ።

ፊቱን ወደ እሷ አላዞረም። ጣቶቹ ፀጉሯ ውስጥ ሲያመነቱ ተሰማት። ደወሉ እርስ በርሱ እስኪደራረብ ፈጠነ፤ ያኔ ለቀቃትና እጁ ወደ ማውሱ ተመለሰ።

እንዲህ መለቀቋ ከጥፊው ሁሉ በላይ አመማት። ስክሪን ውስጥ ላለ ሰውዬ ነፍስ ሲባል ተለቀቀች። ቢያማትም እግሯ አልቆመም። በሩን ከፈተች፣ ሳትዘጋው ደረጃውን በባዶ እግሯ ወረደች። መንገዱ ላይ ስትደርስ ደወሉ ከላይ በመስኮቱ ይሰማታል፤ በሩን ሊዘጋ የነበረ አውቶቡስ ላይ ዘላ ስትወጣም ይሰማታል። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ተሳፋሪው ያወራል፣ አንዲት ሴትዮ ቦታ ለቀቀችላት።

ልጅቷ አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «እማዬ፣ አባዬ አሸነፈ ወይስ ሞተ?»

«እንጃ፣ የኔ እናት» አለቻት። «አልሰማሁም።»