የተጠመዱት ሁለት ቴሌቪዥኖች

ይህ የምጽፈው ውሸት ከሆነ ከብቶቼ አንድ ሳይቀሩ ይለቁብኝ! ከብት የለህም የሚለኝ አይጠፋም፤ መሐላ ግን መሐላ ነው። አያ በላቸው ከሁለቱ ቴሌቪዥኖች ፊት ቁጢጥ ብለው፣ ትልቁን በዱላቸው ጫፍ ነካ አድርገው «ይኸኛው ምን ይበላል?» ሲሉኝ፣ እዚያው ወረታ፣ የአክስቴ ልጅ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ሆኜ ቆሜአለሁ።

«መብራት ነው የሚበላው አያ። ያውም ጥቂት።»

«ዋጋውስ?»

ኤልሲዲው፣ የተለመደው ዓይነት፣ አንድ ወይፈን ተሸጦ የሚገኝ ነው። ኦሌድ የሚባለው ትልቁና አዲሱ ዓይነት ግን ጥንድ በሬ ከነቀንበሩ ይፈልጋል። ዘመኑ የኢሕአዴግ ማብቂያ ነው፤ ኦሌዱን አንድ ባለሆቴል ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ሳይወስደው ቀርቶ፣ ሱቃችን ውስጥ አቧራ ሲለብስ ከርሟል። ስለዚህ ምላሴን ፈታሁት።

«የዚህኛው ጥቁር፣ ጥቁር ነው አያ! ባለፈው ሌሊት ወፍ ዋሻ መስሏት ልትገባበት ስትል ግንባሯን ገጭታ ወደቀች። የኤልሲዲው ጥቁር ግን ታጥቦ ታጥቦ የለቀቀ የሐዘን ልብስ ነው።»

«ሌሊት ወፏስ?» አሉ ሚስታቸው እትዬ ይርገዱ።

«ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ካርድ ከልክለው መለሷት።»

እትዬ ይርገዱ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። አያ በላቸው አልሳቁም። የሩዝና የሽንኩርት ገበሬ ናቸው፤ ቀበሌው ሁሉ የሚያፍራቸው።

«በሬ ሳይጠመድ አይገዛም፤» አሉ። «ሁለቱንም ጥመዳቸው።»

ከኮታቸው ኪስ ፍላሽ አወጡ። ትንሳኤ የምትባለው ልጃቸው የሠርግ ቪዲዮ ነው። ትንሳኤን የዳሯት ለደብረ ታቦር የቢሮ ሰዎች ልጅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እናቷ ፊቷን እምብዛም አያዩትም። ቴሌቪዥኑም የተፈለገው ለዚሁ ነው። ቪዲዮውን በሌላ ፍላሽ ገለበጥኩና ሁለቱን ጎን ለጎን ለቀቅኳቸው።

ዳሱ በራ። ሙሽራዋ በሁለቱም ላይ ታምራለች። «እሰይ ልጄ!» አሉ እናቷ። እኔ ግን ኦሌዱ እንዲሸጥልኝ ጣቴን ወደ ጨለማው ቀሰርኩ። ምነው በቆረጠው!

«ያችን የዳሱን ጥግ እዩአት። በኤልሲዲው ምን አለ? ጭጋግ። በዚህኛው ግን…»

በዚህኛው ሰው አለ።

ከዳሱ ምሰሶ ሥር ቁምጣ የለበሰ ሰው ቆሟል። ሽንኩርት ሲያጠጣ ውሎ በቀጥታ የመጣ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ገና ያልደረቀ። ቁጭ በል እስኪሉት ሁለት እጁን አጣምሮ ይጠብቃል።

እትዬ ይርገዱ ከበርጩማው ብድግ አሉ። «ገበያው አይደለም እንዴ ይኸ? ኧረ ገበያው ነው!»

ገበያው የሚሉትን ሰው ማን የማያውቀው አለ? የአያ በላቸው ድንበርተኛ ነው። ከሠርጋችን ቀረ ብለው ቂም ይዘውበት፣ የእናቱን ቀብር እንኳ አልወጡለትም። በሽማግሌ ፊት «ኧረ መጥቻለሁ፣ ቆሜ ቆሜ ነው የሄድሁ» ብሎ ቢምል፣ በሐሰት ማለ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ማኅበር የሚጠራው፣ ወንፈል የሚወጣለት ሰው የለም። ማሳውን ከሚስቱ ጋር ብቻ ያጭዳል።

«አጥፋው፤» አሉ አያ በላቸው።

ሪሞቱ እጄ ላይ ነው፤ እኔ ግን አላጠፋሁትም።

በኦሌዱ ላይ ራሳቸው አያ በላቸው የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዘው ብቅ አሉ። ወደ ምሰሶው መጡ። ገበያው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ዓይን ላይን ተጋጠሙ። አያ በላቸው ጭቃውን አዩ። ዞር ብለው ከረባት ያሰሩትን አማቾች አዩ። ከዚያ ለገበያው ጀርባቸውን ሰጥተው ጠላውን ለአማቾቹ ቀዱ። ገበያው ጥቂት ቆመ። ቀጥሎ ምሰሶው ብቻውን ቀረ።

በኤልሲዲው ላይ ጭጋግ ብቻ።

እኔ፣ ለቀብር እንኳ ቀልድ የማላጣው ሰውዬ፣ ሪሞቱን አስቀመጥኩ።

«አይተኸዋል፤» አሉ እትዬ ይርገዱ። ከተዳሩ ጀምሮ «እርስዎ» ሲሏቸው የኖሩትን ባል «አንተ» ማለታቸው ነው። «ዓይን ዓይኑን አይተህ ነው ውሸታም ያስባልኸው?»

«አንች… ያን ቀን ሰው በዝቶ…»

«እኔንስ? ለቅሶ ልድረስ ብል በር ላይ ቆመህ የመለስኸኝ? ትንሳኤን ያዋለደችኝ እናቱ አይደለችም? ደሟን በእጇ ያጠበች!»

አያ በላቸው መሬት ላይ ዘጭ አሉ። «ኦሌዱን ጫንልኝ» አሉ። «ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ፣ ገበያውን ከላይ አስቀምጬ፣ ይህንኑ በገዛ እጄ አሳያቸዋለሁ።» ይህን ብለው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ።

እንግዲህ የከብቶቼ ነገር ስለሚያሳስበኝ እውነቱን ልናገር። እስካሁን የጻፍኩት እንደ ወረደ ነው፣ ሌሊት ወፏም ሳትቀር። የፈጠርኳት ይህችን የኋለኛዋን የዕርቅና የለቅሶ ወሬ ብቻ ነው። አያ በላቸው አልተቀመጡም፤ አላለቀሱም። ፍላሹን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱና ኤልሲዲውን በዱላቸው ነካ አድርገው «ይኸኛው ይበቃናል» አሉ።

ካርቶኑን ባጃጅ ላይ ጫንኩ። አያ በላቸው ተሳፍረው ለሚስታቸው ጠጋ አሉ። እትዬ ይርገዱ ግን ከሱቁ ደጃፍ ቆመው ነጠላቸውን አወለቁ፤ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አዘቅዝቀው ለበሱትና ወደ ገበያው ቤት በእግራቸው መንገድ ጀመሩ።